የደጋ ቤት ብርድ፣ የምድጃ ጭስና የጨቅላ ሕፃናት ሙቀት

በሰሜን ጎንደር፣ በጃናሞራ ወረዳ፣ በመካነ ብርሃን ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ቀበሌዎች ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር ባለው ጊዜ ሰማዩ ሌሊቱን ሙሉ ጥርት ብሎ ያድራል፤ ነፋሱም ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። ከፍ ባሉት ቦታዎች ማለዳ ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። በዚህ ወቅት የወለደች እናት እንደ አገሩ ልማድ ወንድ ከሆነ አርባ፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን ሞልቶ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ከቤት ብዙም አትርቅም። በመሆኑም ጨቅላው በሕይወቱ የመጀመሪያ ሳምንታት የሚያውቀው አየር የዚያች የአንዲት ክፍል አየር ብቻ ነው።

እኛ የጤና ባለሙያዎች ለዚህች እናት ሁለት ምክር እንሰጣለን። አንዱ በወሊድና በድኅረ ወሊድ ክትትል ጊዜ የሚነገረው «ሕፃኑን አሙቂው» የሚለው ነው። ሌላው በአካባቢ ጤና አጠባበቅ ትምህርት ላይ የሚነገረው «መስኮት ክፈቺ፣ ጭሱ ይውጣ» የሚለው ነው። ሁለቱም ምክሮች ትክክል ናቸው። ዳሩ ግን በተለያየ ቀንና በተለያየ ባለሙያ ስለሚነገሩ፣ እናቲቱ በአንዲት ክፍል ውስጥ እንዴት አድርጋ እንደምታስታርቃቸው የሚነግራት የለም። ሌሊቱ ሲበርድ የምትመርጠው ግን የታወቀ ነው፤ በሩንና መስኮቱን ዘግታ እሳቱን ትጨምራለች።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሁለቱን ምክሮች የሚያስታርቀው ቤቱ ራሱ መሆኑን ማስረዳት ነው። ይኸውም ሙቀትን በእሳት ላይ እሳት እየጨመሩ ከመፈለግ ይልቅ፣ በቤት ውስጥ ያለው ሙቀት እንዳይወጣ ማገድ ማለት ነው። ይህ የአናጢና የግንበኛ ጉዳይ እንጂ የሕክምና ጉዳይ አይደለም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። እኔም ቀደም ሲል እንደዚያ አስብ ነበር።

አሳቤን ያስለወጠኝ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገው አንድ የደጋ ጤና ጣቢያ ሳገለግል ያጋጠመኝ ጉዳይ ነው። የስድስት ቀን ሕፃን «ጡት እምቢ አለ» ተብሎ በአያቱ ጀርባ ታዝሎ መጣ። በካርዱ ላይ የሰውነት ሙቀቱ 35 ዲግሪ ተብሎ ተጽፏል። የተለካበት የመስታወት ቴርሞሜትር ግን ከ35 በታች የሚያነብ ስላልነበረ ቁጥሩ የሕፃኑን ሙቀት ሳይሆን የመሣሪያውን የመጨረሻ መስመር የሚያመለክት ነበር። ዝቅ ብሎ በሚያነብ ቴርሞሜትር ስንለካው ከ34 በታች ሆኖ ተገኘ። ኢንፌክሽን ሊኖር ስለሚችል የሚገባውን መድኃኒት ጀመርን፤ በእናቱ ደረት ላይም አስተኛነው። እናቲቱ በዚህ መካከል ደጋግማ ግንባሯን በእጇ ትይዝ ነበር። ራሷን እንደሚያማትና እንደሚያቅለሸልሻት የነገረችን ስንጠይቃት ነው፤ አያቲቱም እንዲሁ ሌሊቱን አሟቸው አድረዋል። በኋላ እንደተረዳነው በአልጋው አጠገብ የከሰል ማንደጃ አድሮ ኖሯል። ክፍሉ በከሰል ጋዝ ተመርዞ ሳለ ሕፃኑ ግን ቀዝቅዞ ነበር። ሕፃኑም እናቱም ዳኑ። ቤቱ ባዶ ቆርቆሮ ክዳን ያለው፣ መደቡም ከነፋስ መምጫው ግድግዳ ጋር የተያያዘ መሆኑን ያወቅሁት ግን ከሳምንት በኋላ በአካባቢው ሳልፍ ጎራ ብዬ ሳየው ነው። እሳቱ የሰጠው ሙቀት በክዳኑ በኩል ወጥቶ አልቋል፤ በቤት ውስጥ የቀረው መርዙ ብቻ ነበር።

ጨቅላ ሕፃን ለምን ይቀዘቅዛል?

የጨቅላ ሕፃን የቆዳ ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ ሰው በሦስት እጥፍ ገደማ ይበልጣል፤ ከቆዳው ሥር ያለው ስብም ስስ ነው። አዋቂ ሰው ሲበርደው በመንቀጥቀጥ ሙቀት ያመነጫል። ጨቅላ ሕፃን ይህን ማድረግ ስለማይችል በትከሻዎቹ መካከል፣ በአንገቱና በኩላሊቶቹ ዙሪያ የሚገኘውን ቡናማ ስብ ያቃጥላል። ለዚህም ኦክስጅንና ግሉኮስ ይፈጃል። ስለዚህ የበረደው ሕፃን የደም ስኳሩ ይወርዳል፤ አተነፋፈሱም ይታወካል፤ መጥባት ይደክመዋል፤ ባለመጥባቱም ይብሱን ይቀዘቅዛል። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ወይም ክብደቱ ዝቅተኛ የሆነ ሕፃን ይህን ስብ ገና አላከማቸም። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በጃናሞራ፣ በበየዳና በጠለምት የደረሰውን ድርቅ ያስታወሰ ባለሙያ ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል፤ እናት በእርግዝናዋ ጊዜ ስትራብ ለብርድ ይበልጥ የተጋለጠ ልጅ ትወልዳለችና።

የዓለም ጤና ድርጅት የጨቅላ ሕፃን ጤናማ የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆኑን ይገልጻል። ከ36.0 እስከ 36.4 ያለው ቀላል፣ ከ32.0 እስከ 35.9 ያለው መካከለኛ፣ ከ32 በታች የሆነው ደግሞ ከባድ ሃይፖተርሚያ ይባላል። ልብ ሊባል የሚገባው ከመካከለኛው ደረጃ አብዛኛው ከ35 በታች መሆኑ ነው። ከ35 የሚጀምር ቴርሞሜትር ብቻ ያለው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሕመሙን እያየ አያየውም ማለት ነው።

ሕፃኑ ሙቀት የሚያጣው በአራት መንገድ ነው። አንደኛው ትነት ሲሆን ሕፃኑ እንደተወለደ ሳይደርቅ ሲቀር ወይም ወዲያው ሲታጠብ የሚደርስ ነው። ሳይደርቅና ሳይሸፈን የቀረ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ከ10 እስከ 20 ባሉት ደቂቃዎች የሰውነቱ ሙቀት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ሁለተኛው በንክኪ፣ ማለትም በቀዝቃዛ መደብ ወይም ሚዛን ላይ ሲተኛ ነው። ሦስተኛው በአየር እንቅስቃሴ ነው፤ በበር ሥር የሚገባው ነፋስ ለዚህ ምሳሌ ነው። አራተኛው ጨረራ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚዘነጋውም እርሱ ነው። ሕፃኑ ግድግዳውን ሳይነካው፣ በመካከላቸው ያለው አየርም ሞቅ ያለ ሆኖ ሳለ፣ ከአጠገቡ ወዳለው ቀዝቃዛ ግድግዳ የሰውነቱን ሙቀት ያፈሳል። በድንጋይ ግድግዳ ጥግ የተቀመጠ ሰው «ግድግዳው ይስበኛል» ሲል የሚሰማው ይኸው ነው።

ቤቱም እንደ ሕፃኑ

ቤትም ሙቀት የሚያጣው በእነዚሁ መንገዶች ነው። የመካነ ብርሃንን ዙሪያ የመሰለ ደጋ ደግሞ ለሁሉም የተመቸ ነው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ በየ100 ሜትሩ በአማካይ 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ 3,000 ሜትር ላይ ያለ መንደር ከጎንደር ከተማ በአምስት ዲግሪ ገደማ ይበርዳል። አየሩም ስስና ደረቅ ስለሆነ ምድር በቀን የጠጣችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ስትለቅ የሚያግዳት ጥቂት ነው።

ቀድሞ የነበረው ቤት ክዳኑ ሣር ነበር። ሣር፣ ጭድና ሱፍ የሚያሞቁት ራሳቸው ሙቀት ኖሯቸው ሳይሆን በውስጣቸው የማይንቀሳቀስ አየር ስለሚይዙ ነው። እርጋታ ያለው አየር ሙቀትን ለማሳለፍ እጅግ ሰነፍ ነው። ደረቅ ጭድ ሙቀት የሚያሳልፍበት መጠን የሰሜን ተራራዎች ድንጋይ የሆነው ባዛልት ከሚያሳልፈው ከሃያ እጅ አንዱን እንኳ አይሞላም። ቆርቆሮ ግን በሙቀት በኩል ሲታይ እንደሌለ የሚቆጠር ነው። ከዚህም በላይ ጥርት ባለ ሌሊት ወደ ሰማይ በሚለቀው ጨረራ የተነሣ ከውጭው አየር እንኳ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ማለዳ ከቆርቆሮው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ የሰዎቹ ትንፋሽ በቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ ረግቶ የወረደ ነው። መኝታው ሲርስ ደግሞ በውስጡ የነበረው አየር በውኃ ይተካል፤ የረጠበ ጋቢ ወይም ዝተት አያሞቅም።

ይህን ስል ቆርቆሮ ይቅር ማለቴ አይደለም። ሣር ክዳን በየጊዜው መታደስ ይፈልጋል፤ ለእሳት አደጋ የተጋለጠ ነው፤ ሣሩም እንደ ልብ አይገኝም። ከሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል ሣር አጭደው እንዲያመጡ መምከርም አይገባንም። ቆርቆሮ መክደን ለአንድ ገበሬ የዓመታት ጥሪት ውጤትና የቤተሰቡ ኩራት ነው። ጉድለቱ ከቆርቆሮው ሥር ምንም ነገር አለመኖሩ ላይ ነው።

የግድግዳው ነገር ከዚህ ይለያል። ወፍራም የድንጋይ ወይም የጭቃ ግድግዳ ሙቀትን በደንብ ባያግድም በቀን የጠጣውን ቀስ እያለ ሌሊት ይመልሳል። ይህን የሚያበላሸው ስንጥቅ ነው። ምርጊቱ የረገፈ ግድግዳ፣ በግድግዳውና በክዳኑ መካከል ያለ ክፍተት፣ ያልገጠመ የበር ሳንቃ ነፋስ ያስገባሉ፤ ነፋስ የገባበት ቤት ውስጥ ደግሞ የሞቀው አየር በየደቂቃው ይለወጣል።

ሙቀትን ማገድ በጤና ላይ ለውጥ ማምጣቱ በሌላው ዓለም ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ አንድ የኒውዚላንድ ጥናት 1,350 ያህል ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ቤተሰቦች ተካፍለው፣ ለግማሾቹ ቤታቸው አስቀድሞ ሙቀት በሚያግድ ነገር ተሸፈነ። በክረምቱ የመኝታ ክፍሎቹ ሙቀት የጨመረው በግማሽ ዲግሪ ብቻ ነበር። ሆኖም እርጥበቱ ቀነሰ፤ ለማሞቂያ ያወጡት ኃይልም ዝቅ አለ፤ በደረት ሲር ሲር ማለትና ከትምህርት ቤት መቅረት ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤትና የጤና መመሪያ ለብርዳማ አገሮች ቢያንስ 18 ዲግሪ የቤት ውስጥ ሙቀት መክሯል፤ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ከዚህም ከፍ ሊል እንደሚችል ጠቁሟል። በኒውዚላንዱ ቤት መካከል ግን ሦስት ጉልቻ አልነበረም። የእነርሱን ትምህርት እንዳለ ወስደን «ስንጥቁን ሁሉ ድፈኑ» ብንል ሰው ልንገድል እንችላለን።

እሳቱና ጭሱ

በደጋው ምድጃ ከማብሰያነት ያለፈ ሥራ አለው። ያሞቃል፣ ያበራል፣ ልብስ ያደርቃል፤ ጭሱም የክዳኑን እንጨት ከምስጥ ይጠብቃል፣ ቁንጫንም ያርቃል ተብሎ ይታመናል። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ በቆላና በወይና ደጋ ተቀባይነት አግኝቶ በደጋ ጥግ ሲጣል ሕዝቡን ለውጥ የማይወድ አድርገን መውቀስ ይቀናናል። እሳቱን በቅርፊት የሸፈነ ምድጃ እንጀራ ይጋግራል እንጂ ቤተሰቡን እንደ ሦስት ጉልቻ አያሞቅም። ሴትዮዋ ይህን እኛ ሳናውቅ ዐውቃዋለች። የቤቱ ሙቀት በሌላ መንገድ እስካልተያዘ ድረስ ክፍቱ እሳት ከቤት አይወጣም ብዬ አምናለሁ።

የእንጨትና የኩበት ጭስ ጥቃቅን ብናኞች በሕፃናት ላይ የሳንባ ምች፣ በሚያበስሉ ሴቶች ላይ ደግሞ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም እንደሚያስከትሉ አንባቢ ያውቀዋልና አልዘረዝረውም። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ የቤት ውስጥ ጭስ በመላው ዓለም ለ3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ምክንያት ሆኗል። አንድ ነገር ግን ልጨምር። ቆጥ ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ የሚሞቅ የመኝታ ስፍራ ነው፤ ጭሱም የሚከማቸው እዚያው ነው። ሕፃንና እናት «እንዲሞቃቸው» ቆጥ ላይ ሲተኙ ከሁሉ የከፋውን አየር ይስባሉ።

ከሰል የባሰ የሚያታልለው ጭሱ ስለማይታይ ነው። «ጭሱ ካለቀ በኋላ ነው ያስገባሁት» የሚለውን መልስ ያልሰማ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ቀለምም ሽታም የለውም፤ ፍሙ ቀይ ሆኖ በሚያምርበት ጊዜም ይወጣል፤ በአመድ የተዳፈነ ረመጥም ይለቀዋል። ጋዙ ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ ነው፤ የጨቅላው ሄሞግሎቢን ደግሞ ይበልጥ ይይዘዋል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የምንስበው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው ሰባ ከመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ጉዳቱ ቶሎ ይከፋል።

ለሕክምና ባለሙያው ዋናው ችግር ሕመሙን መጠርጠር ነው። በአንድ ቤት ያደሩ ከአንድ በላይ ሰዎች በማለዳ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም ወይም መፍዘዝ ሲኖራቸውና ከቤት ሲወጡ ሲሻላቸው፣ ወባ ወይም የምግብ መመረዝ ከማለት በፊት ማንደጃው የት እንዳደረ መጠየቅ ይገባል። የጣት ኦክሲሜትር እዚህ ላይ ያሳስታል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንደያዘ አድርጎ ስለሚቆጥር መልካም ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ቁጥሩን አምኖ ኦክስጅን መከልከል ትልቅ ስሕተት ነው። ጋዙ በተራ አየር በግማሽ ለመቀነስ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ሲፈጅ፣ በንጹሕ ኦክስጅን ግን ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ይቀንሳል። ራሷን የሳተች ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ታካሚ ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት፤ በጉዞም ላይ ኦክስጅኑ አይቋረጥባት።

በጉብኝት ጊዜ ምን ይባል?

ከቅርብ መጀመር ይበጃል። የመጀመሪያው ቤት የእናት ገላ ነው። የካንጋሩ እንክብካቤ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ፣ በቦጎታ ከተማ የተጀመረው ሰው ሠራሽ ማሞቂያ በማነሱ ነበር፤ ዛሬ ግን የድኻ መላ ተብሎ የሚናቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተካሄደ ጥናት ክብደታቸው ከ1.0 እስከ 1.8 ኪሎ ግራም በታች የሆኑ ሕፃናት ወዲያው እንደተወለዱ ገላ ለገላ ሲያዙ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት በ25 ከመቶ እንደቀነሱ አሳይቷል። ትናንሾቹ ሕፃናት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲታቀፉ ይመከራል። እናቲቱ ስትደክም አባት ወይም አያት ይተካሉ፤ በደጋው አባት ልጅ በደረቱ አስሮ መታየቱ እንግዳ ቢሆንም፣ ሌሊት በጋቢ ሥር የሚያየው የለም ሲባል የሚስማሙ አሉ። ሕፃኑ ኮፍያና ካልሲ ያድርግ፤ ገላው ቢያንስ ለ24 ሰዓት አይታጠብ። የጋለ ድንጋይ ወይም የፈላ ውኃ ያለበት ዕቃ መኝታውን አስቀድሞ ለማሞቅ ሊያገለግል ይችላል፤ ሕፃኑ ከመተኛቱ በፊት ግን መውጣት አለበት፤ የሕፃን ቆዳ ሳይታወቅ ይቃጠላልና።

ቀጥሎ ያለው መኝታው ነው። ቤቱን ሁሉ ማሞቅ ባይቻል አንዲት ጥግ ማሞቅ ይቻላል። መደቡን ነፋስ ከሚመጣበት ግድግዳ ወደ ውስጠኛው ግድግዳ መቀየር ገንዘብ አይጠይቅም። መቀየር ካልተቻለ ከመኝታው አጠገብ ያለውን ግድግዳ በአጎዛ፣ በዝተት ወይም ደረቅ ጭድ በተሞላ ጆንያ መሸፈን በጨረራ የሚጠፋውን ሙቀት ይቀንሳል። ከሥር ያለው ከላይ እንደሚደረበው ሁሉ አስፈላጊ ነው፤ ሦስት ጋቢ ደርቦ በባዶ መደብ ላይ አንድ ቆዳ ብቻ አንጥፎ የተኛ ሰው ከታች ይበርደዋል። ወፍራም የጭድ ፍራሽ ከሥር ቢሆንና በየጊዜው ፀሐይ ላይ ቢሰጣ ብርዱም ቅማሉም ይቀንሳል። ግርሻ ትኩሳትና ታይፈስ በብርድ ወቅት የሚበረቱት ሰዎች ለሙቀት ተጠጋግተው ስለሚተኙና ልብስ ስለሚዋዋሱ መሆኑን እግረ መንገዳችንን ማንሣት ይገባል።

ሦስተኛው ነፋሱ ነው። በበር ሥር ጨርቅ መወተፍ፣ በበሩ ውስጠኛ በኩል ጆንያ ወይም ያረጀ ደበሎ መጋረድ፣ የረገፈውን ግድግዳ በጭቃና በጭድ እንደገና መምረግ ሁሉም ባለቤት የሚችለው ሥራ ነው። ምርጊት ፀሐይ ስለሚፈልግ ጊዜው ክረምቱ አልፎ ብርዱ ሳይጠና፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። በዚያን ጊዜ ለምትደርስ ነፍሰ ጡር ምክሩ በቅድመ ወሊድ ክትትል ላይ፣ ባሏም ባለበት ቢነገር ይሻላል፤ ግድግዳ የሚመርገው እርሱ ነውና። ጭዱ የከብት መኖ መሆኑን አልረሳሁም። ከብት የማይበላው ግርድና ያደረ ገለባ ለዚህ ይበቃል።

አሁን ማስጠንቀቂያው ይመጣል። እሳት ባለበት ቤት ነፋስ የሚገባበት ዝቅተኛ ቀዳዳ ሲደፈን፣ ጭስ የሚወጣበት ከፍተኛ ቀዳዳ ክፍት መሆኑ መረጋገጥ አለበት። ሰው የሚበርደው በመኝታው ደረጃ በሚነፍሰው ነፋስ ነው፤ ከምድጃው በላይ፣ ከነፋሱ በተቃራኒ በኩል፣ ከክዳኑ ሥር ያለ ክፍተት ግን ጭሱንና ጋዙን ያወጣል። ከዚያ የሚወጣ ሙቀት መኖሩ እርግጥ ነው፤ ሊከፈል የሚገባው ዋጋ ነው። ባዶውን የቆርቆሮ ክዳን ከሥር በኮርኒስ መሸፈን ከሁሉ የሚበልጥ ጥቅም አለው። በማዳበሪያ ከረጢት ወይም በአቡጀዲድ የተወጠረ ኮርኒስ እንኳ ከቆርቆሮው በታች የረጋ አየር ይይዛል፤ ጠብታውንም ያቆማል። ኮርኒሱ ግን ከመኝታው በላይ ብቻ ይሁን፤ በምድጃው አናት ላይ ከረጢትም ሆነ ጭድ መወጠር ቤቱን ለቃጠሎ ማዘጋጀት ነው። ምድጃውን በሌላ ጎጆ መለየት የቻለ ቤተሰብ ይህ ሁሉ ጭንቀት ይቀርለታል፤ ያን ጊዜ የመኝታ ክፍሉን በልበ ሙሉነት መድፈን ይችላል።

መስኮት የመክፈቱ ምክርም ሰዓት ያስፈልገዋል። ረፋድ ላይ ፀሐይ ከጠናች ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ በርና መስኮት ቢከፈት ክፍሉ ይደርቃል፤ የሳንባ ነቀርሳም ሆነ ሌላ በአየር የሚተላለፍ ሕመም ካለ ይሳሳል። ፀሐይ ሳትጠልቅ መዝጋት ደግሞ የቀኑን ሙቀት ለሌሊቱ ያቆያል። «መስኮት ክፈቺ» ብሎ ሰዓቱን አለመንገር ግማሽ ምክር ነው። ከብቶች በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩበትን ቤት በተመለከተ፣ ከብት የሚሰጠው ሙቀት ቀላል ባይሆንም እበቱ፣ ዝንቡና ቁንጫው ከሕፃን ጋር አይስማማም። ባሉበት ቢያድሩ እንኳ ከመኝታው በተመረገ ግድግዳ ይለዩ።

የራሳችንስ ክፍል?

በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን በጤና ተቋም የሚወልዱ እናቶች 48 ከመቶ መድረሳቸውን ሲያሳይ፣ ከ1,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት 33ቱ ግን በመጀመሪያው ወር እንደሚሞቱ ገልጿል። ከዚያ በፊት በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው ጥናት ቁጥሩን 29 አድርጎት ነበር። የጨቅላ ሞት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ብርድ ብቻውን አይደለም። ነገር ግን ሌሎቹን ሁሉ የሚያባብስ መሆኑ አያከራክርም። የማዋለጃ ክፍል ሙቀት ከ25 ዲግሪ እንዳያንስ ይመከራል። በደጋ ያሉ ማዋለጃ ክፍሎቻችን ብዙዎቹ የብሎኬት ግድግዳ፣ የሲሚንቶ ወለልና የማይገጥም የብረት መስኮት ያላቸው ናቸው። የእናቶች ማቆያዎችም ከዚህ የተሻሉ አይደሉም። እናቲቱን «ቤትሽ ይበርዳል» ከማለታችን በፊት በማዋለጃ ክፍሉ ግድግዳ ላይ አንድ የክፍል ቴርሞሜትር ሰቅለን ለአንድ ሳምንት ማለዳ ማለዳ ብናነበው መልካም ነው። የተሰበረ መስታወት ለመተካትና ኮርኒስ ለማስጠገን በጀት ሲጠየቅ ያ ቁጥር ከደብዳቤ ይልቅ ይረዳል።

በመጨረሻ ስለ ጉብኝቱ ሰዓት አንድ ነገር ላንሣ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወደ ቤት የምትደርሰው እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ቆርቆሮውን አግላ ቤቱ ሞቆ ባለበት ጊዜ ነው፤ የነካችው ሕፃንም ሞቃት ይሆናል። ሕፃኑ የሚቀዘቅዘው ግን ሊነጋጋ ሲል፣ ከሌሊቱ አሥርና አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ የሚነካው ሌላ ሰው መሆን አለበት። ለእናቲቱና ለአያቲቱ በእጃቸው ጀርባ የሕፃኑን መዳፍ፣ እግርና ሆድ መዳሰስ ማስተማር አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እግሩ ቀዝቅዞ ሆዱ ከሞቀ ብርዱ ጀምሮታል፤ በደረት ላይ ታቅፎ ጡት ይሰጠው። እግሩም ሆዱም ከቀዘቀዙ ወይም ጡት እምቢ ካለ፣ እንደታቀፈ ተሸፍኖ ጎህ ሳይቀድ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጣ። በሚቀጥለው ጉብኝት የሚጠየቀውም «ቤቱ ይሞቃል?» ተብሎ ሳይሆን «ትናንት ሊነጋ ሲል እግሩ ምን ይመስል ነበር? ማንደጃውስ የት አደረ?» ተብሎ ነው።